422 ከየት መጣ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የጤና ምርምር፣ የሆስፒታል ዳታ እና ማጣቀሻ

ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎችና የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ለጆርናል የሚያዘጋጁ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በጤና አገልግሎት አስተዳደር የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ በሦስት ሆስፒታሎች የተመላላሽ ታካሚዎች እርካታ ላይ ነው። የናሙና መጠኔን 422 ብዬ ሳቀርብ አንዱ ገምጋሚ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አሉኝ፤ መልስ አጣሁ። ከእኔ በፊት የተመረቁት ሁሉ 422 ነው የጻፉት። (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ገምጋሚው ልክ ናቸው። 422 በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከፕሮፖዛል ወደ ፕሮፖዛል ሲወራረስ የኖረ ቁጥር ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። የአንድን ሕዝብ ምጣኔ ለመገመት የሚያገለግለው ቀመር 1.96ን (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር ነው) በራሱ ያባዛል፣ ያንን በምጣኔውና ከአንድ በቀሪው ያባዛል፣ ከዚያ ለሚፈቀደው የስሕተት ሕዳግ ካሬ ያካፍላል። ምጣኔው 0.5፣ ሕዳጉ 0.05 ሲሆን 384.16 ይወጣል። ላዩ ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ሆነ ማለት ነው። ስለ እርስዎ ሦስት ሆስፒታሎች ቁጥሩ ውስጥ አንዳችም ነገር የለም።

ትንንሾቹን ስሕተቶች በቅድሚያ እናንሳ። የናሙና መጠን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው፣ ስለዚህ 385 ነው። ከመቶ አሥሩ መልስ አይሰጡም ብለው ከገመቱ ደግሞ 385ን በ1.1 አያባዙም፤ ለ0.9 ያካፍላሉ። 428 ይመጣል። ከ428 ሰው አሥር በመቶ ቢቀር 385 ይተርፍዎታል። ከ422 ግን 380 ገደማ ብቻ ይቀራል፤ ያሰቡትን አያሟላም።

ትልቁ ጉዳይ 0.5 ነው። ይህ ግምት የሚወሰደው ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ነው። የታካሚ እርካታ ግን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተጠንቶ ተጠንቶ የተሰለቸ ርዕስ ስለሆነ «ቀደም ያለ ጥናት የለም» ብሎ መጻፍ ያስገምታል። ከእርስዎ ጋር በሚቀራረብ ደረጃ ላይ ያለ ሆስፒታል፣ በተመሳሳይ መጠይቅ የተሠራ ጥናት ይምረጡ፤ ለምን እንደመረጡትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። 0.5 ከፍተኛውን ናሙና ስለሚሰጥ ቢያቆዩትም አያስወቅስም፤ ምክንያቱ ይጻፍ እንጂ። አደጋው ያለው የ5 በመቶ ሕዳግን አልፎ አልፎ ለሚከሰት ነገር መዋስ ላይ ነው። በ4 በመቶ ሕሙማን ላይ የሚደርስ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን በ5 በመቶ ሕዳግ ካሰሉት ቀመሩ «60 ሰው ይበቃል» ይልዎታል። ከ60 ሰው የሚጠበቀው ሁለት ወይም ሦስት ስሕተት ነው፤ በዚያ ምን ይተነተናል? ሕዳጉ 1 በመቶ ሲሆን የሚያስፈልገው 1,476 ሰው ነው።

ሁለተኛው ዓላማዎ «ከእርካታ ጋር የተያያዙ ምክንያቶች» እንደሚል እርግጠኞች ነን፤ ሁሉም ፕሮፖዛል ይላል። ለዚያ ዓላማ የአንድ ምጣኔ ቀመር አይሠራም፤ የሁለት ምጣኔ ልዩነት ቀመር ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሰዓት ከጠበቁት መካከል 45 በመቶ፣ ቶሎ ከታዩት 60 በመቶ ይረካሉ ብለው ከገመቱና የጥናቱን ኃይል፣ ማለትም ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድሉን፣ 80 በመቶ ካደረጉ፣ በየቡድኑ 170፣ በድምሩ 340 ሰው ይበቃል። ልዩነቱ 50 ለ60 ብቻ ከሆነ ግን በየቡድኑ 385፣ በድምሩ 770 ያስፈልጋል። (385 እዚህም መምጣቱ አጋጣሚ ነው፤ አማካሪዎን ለማሳመን እንዳይጠቀሙበት።) የሁለቱን ዓላማዎች መጠን አስልተው ትልቁን ይወስዳሉ።

ቀጥሎ ሆስፒታሎቹ እንዴት እንደተመረጡ ይታያል። በዞኑ ያሉት ሦስቱ ብቻ ከሆኑና ሁሉንም ከወሰዱ ናሙናውን እንደ ታካሚ ብዛታቸው ማከፋፈል ይበቃል። ከአሥራ ሁለት ሆስፒታሎች ሦስቱን በዕጣ ካወጡ ግን የአንድ ሆስፒታል ታካሚዎች ስለሚመሳሰሉ መጠኑ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። በ1.5 ሲሆን 578፣ ምላሽ የማይሰጡት ሲታሰቡ 643 ይደርሳል። የታካሚው ጠቅላላ ቁጥር ትንሽ ሲሆን ደግሞ መቀነሻ አለ፤ በጥናቱ ጊዜ የሚመጡት 1,200 ብቻ ቢሆኑ 385 ወደ 292 ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፦ መጀመሪያ የጠቅላላ ቁጥር ማስተካከያው፣ ከዚያ የ1.5 ወይም የ2 ብዜቱ፣ በመጨረሻ ምላሽ የማይሰጡት።

ይህን ሁሉ አስልቶ መረጃውን በሆስፒታሉ ሠራተኞች ማሰባሰብ ከንቱ ድካም ነው። ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ፣ ታካሚውን ፋርማሲ በር ላይ ይዛ «ነርሶቹ በትሕትና አስተናገዱዎት?» ብትለው መልሱ የታወቀ ነው፤ ነገም ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ነው። ጠያቂዎቹ ከሌላ ተቋም ይሁኑ፣ ጋውን አይልበሱ፣ ቃለ መጠይቁም ታካሚው መድኃኒቱን ወስዶ ሲወጣ ከግቢው በር አጠገብ ይደረግ። በየ23ኛው ሰው የሚመርጡ ከሆነም መነሻውን ቁጥር በየቀኑ በዕጣ ያውጡት። «ጠዋት ከመጀመሪያው ሰው» ከተባለ ሁልጊዜ የሚገኙት ሌሊት ከገጠር ተነሥተው ማልደው የደረሱት ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስም እንደ ‹ገብረ መድኅን› በሁለት ቃል የሚጻፍ ነው። አምስት ጽሑፎች አሉኝ፤ ስኮፐስ (የጽሑፎችና የጥቅሶች መዝገብ) ላይ ግን ሦስት ሰው ሆኛለሁ። ለዕድገት ሳመለክት ጥቅሶቼ ተበታትነው ቀሩ። ምን ይሻለኛል? (መምህርት፣ ጅማ)

መልስ፦ የጆርናሎች ቅጽ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ቃል ይዞ «የቤተሰብ ስም ይህ ነው» ይላል። ምሳሌ እንፍጠር፤ ‹ሰናይት ገብረ መድኅን ተስፋዬ›። አንዱ ጆርናል ላይ በሦስቱም ስም ሲገባ ‹ተስፋዬ ኤስ. ጂ.› ተባለች። ሌላው ላይ አያቷ ተተውና የአባቷ ስም ተጣብቆ ተጻፈ፤ ‹ገብረመድኅን ኤስ.› ሆነች። ሦስተኛው ላይ የአባት ስም በክፍተት ስለተጻፈ ማሽኑ ለሁለት ከፈለውና ‹መድኅን ኤስ. ጂ.› ወጣች። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት ሴቶች ናቸው። በዚያ ላይ የፊደል አጻጻፉ አለ፤ ‹ፀ› አንድ ጊዜ በቲ እና ኤስ፣ ሌላ ጊዜ በኤስ ብቻ ይጻፋል፣ ‹ኃይ›ም እንዲሁ መልኩን ይቀያይራል።

መጀመሪያ የሚወሰነው ስሙ ነው። አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ከዛሬ ጀምሮ በሁሉም ጽሑፍ ላይ እሱን ብቻ ይጠቀሙ። ‹ገብረ›፣ ‹ወልደ›፣ ‹ኃይለ›፣ ‹ተክለ› የሚሉትን ከተከታያቸው ጋር አጣብቆ መጻፍ ነው የሚያዋጣው፤ ሰረዝም አንዳንዱ ሥርዓት ያጠፋዋል። እኛ የምንመክረው የአያትን ስም ጨምሮ መጻፍ ነው። ‹ከበደ ኤ.› የሚባሉት ሀኪሞችና ነርሶች ቁጥራቸው የትየለሌ ነው፤ ሁለተኛ ፊደል ሲኖር ፍለጋው ትንሽ ይጠራል። አስቀድመው በአባት ስም ብቻ ብዙ ካሳተሙ ግን አይለውጡ፤ ያለውን ማጽናት ይሻላል።

ከዚያ ኦርኪድ (ORCID) ያውጡ። ከ2012 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚሰጥ፣ በነጻ የሚገኝ፣ ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ነው። ሲመዘገቡ «በሌላ ስምም እታወቃለሁ» የሚለው ቦታ ላይ የቀድሞ አጻጻፎችዎን በሙሉ ያስገቡ። ጽሑፍ ሲልኩ ቁጥሩን በእጅ አይጻፉት፤ ከጆርናሉ ገጽ ላይ ወደ ኦርኪድ ገብተው ያገናኙት። የጽሑፎችን መለያ ቁጥር የሚመዘግበው ክሮስሬፍ ወደ መዝገብዎ በራሱ እንዲጽፍ ፈቃድ ከሰጡት አዲስ የወጣ ጽሑፍ ራሱ ይገባል። አብረዋችሁ የጻፉትም የየራሳቸውን ያገናኙ፤ ብዙ ቦታ የሚገኘው የተጻጻፊው ደራሲ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው) ቁጥር ብቻ ነው።

ያለፈውን ለመጠገን ስኮፐስ ላይ የደራሲ ፕሮፋይል ማዋሐጃ ቅጽ አለ፤ ክፍያ የለውም። ሦስቱን ፕሮፋይሎች መርጠው አንዱን ስም ዋና ያደርጉታል። ጉግል ስኮላር ላይ ያለው ችግር ተቃራኒው ነው፤ የሞክሼዎችዎን ጽሑፍ እየሰበሰበ ይከምርልዎታል። ቅንብሩን «ሳያስጠይቅ ጨምር» ከሚለው ወደ «በኢሜይል ጠይቀኝ» ይለውጡት። ያልጻፉትን ጽሑፍ ለዕድገት ማመልከቻ ይዘው የቀረቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አጭበርባሪ ሳይሆኑ ይህን ቅንብር ያላዩ ናቸው፤ ኮሚቴው ግን ልዩነቱን ላያይ ይችላል።

ሌላ በር ደግሞ የማተሚያ ናሙናው ነው። ከተቀባይነት በኋላ ጆርናሉ ጽሑፉን አስተካክሎ ይልክና ብዙ ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ መልሱ ይላል። ሁሉም ሠንጠረዡን ያያል፤ ስሙን የሚያይ ጥቂት ነው። እዚያ ገጽ ላይ የትኛው ቃል የቤተሰብ ስም ተብሎ እንደተለየ በግልጽ ይታያል፣ ስለዚህ ከስሙ ይጀምሩ።

ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሄዱም ይህ ይገጥማቸዋል። አገር ቤት በአያት ስም ያሳተመ ሰው እዚያ በሰነዱ ላይ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊመዘገብና በዚያው ማሳተም ሊጀምር ይችላል። የሁለቱን ዘመን ሥራ የሚያገናኘው ያው ኦርኪድ ነው።

ጥያቄ፦ ከጥናት ተመርቄ ጽሑፌን ሳልልክ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። በአምስት ቀን እናሳትማለን፣ «ግሎባል ኢምፓክት ፋክተራችን» 7.8 ነው፣ ክፍያው 350 ዶላር ይላል። ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይም እንገኛለን ይላሉ። ልላክ? (የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ)

መልስ፦ አይላኩ። በአምስት ቀን የሚጠናቀቅ ግምገማ የለም። ‹ኢምፓክት ፋክተር› የሚባለው ቁጥር የሚሰላው ክላሪቬት በተባለው ድርጅት ነው፤ ‹ግሎባል›፣ ‹ዩኒቨርሳል› ምናምን የሚሉ ቅጥያዎች ያሉበት ሁሉ ለገንዘብ የሚታደል ነው።

እውነተኛው እንዲህ ይሰላል። አንድ ጆርናል በ2023 እና በ2024 በድምሩ 200 ጽሑፍ አወጣ እንበል። እነዚያ በ2025 ውስጥ 500 ጊዜ ከተጠቀሱ የ2025 ኢምፓክት ፋክተሩ 2.5 ነው። ቀዳዳ አለው፤ ከላይ የሚቆጠረው ለደብዳቤዎችና ለአርታኢ ጽሑፎች የተሰጠውንም ጥቅስ ይጨምራል፣ ከታች የሚቆጠሩት ግን ምርምሮችና ቅኝቶች ብቻ ናቸው። ከአማካይ ስለተሠራም አንድ ጽሑፍ ሊያናጋው ይችላል። አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የተባለው ጆርናል 2 አካባቢ ቆይቶ የ2009 ቁጥሩ 49.926 ደረሰ፤ ምክንያቱ በ2008 የወጣች፣ የክሪስታል አወቃቀር መፍቻ ሶፍትዌርን ታሪክ የምትተርክ አንዲት ጽሑፍ ነበረች። ሶፍትዌሩን የተጠቀመ ሁሉ እሷን ጠቀሰ። ሌሎቹ ጽሑፎች ከበፊቱ አልተሻሉም። ስለዚህ የጆርናሉን ቁጥር ለራስ ጽሑፍ ማዕረግ ማድረግ አያስኬድም፤ የሳን ፍራንሲስኮው የምርምር ምዘና መግለጫ ከ2013 ጀምሮ የሚወተውተው ይህንኑ ነው።

«ፐብሜድ ላይ አለን» የሚለውም ተንኮል አለበት። ፐብሜድ ውስጥ ሜድላይን የሚባለው በኮሚቴ የተመረጡ ጆርናሎች ስብስብ አለ፤ ከዚያ ውጭ ግን በፒኤምሲ (ነጻ የሙሉ ጽሑፎች ማከማቻ) የተቀመጡ ነጠላ ጽሑፎችም ይታያሉ። የአንድ ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ እዚያ ስለገባ ጆርናሉ ተመርጧል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ የጆርናሉን ስም ሲያስገቡ በሜድላይን እየተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ይነግርዎታል። የክላሪቬት የጆርናሎች ዝርዝርና የስኮፐስ የምንጮች ገጽም ያለ ክፍያ ይታያሉ። ስኮፐስ ላይ ስሙን አግኝተው አይቁሙ፤ ሽፋኑ የተቋረጠ ከሆነ እዚያው ተጽፏል። ሌላው ማጭበርበሪያ የታወቀ ጆርናልን ስምና የአይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥር ሰርቆ ተመሳሳይ ድረ ገጽ መክፈት ነው። መከላከያው በኢሜይል የመጣውን ማስፈንጠሪያ ሳይነኩ ወደ ጆርናሉ ከዝርዝሮቹ ውስጥ መሄድ ነው።

ግምገማ አለን የሚሉት ሁሉ እንደማይገመግሙ በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ምርመራ ታይቷል። አንድ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የተሞላ የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈብርኮ ለ304 ክፍያ የሚጠይቁ ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት።

ገንዘቡን በተመለከተ 350 ዶላር የሚከፍሉበት ምክንያት የለም። ኢትዮጵያ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ጽሑፎችን በሚያዳርሰው በሪሰርች ፎር ላይፍ ምደባ ቡድን ‹ሀ› ውስጥ ናት፤ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ የትላልቅ አሳታሚዎች ጆርናሎች ለዚህ ቡድን ደራሲዎች ክፍያውን ብዙውን ጊዜ ያነሣሉ። ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ከተቀበሉት በኋላ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይሳካለትም። ሁለተኛ፣ ግማሹ በደንበኝነት ግማሹ በክፍያ የሚሠራ ጆርናል ብዙውን ጊዜ ክፍያ አያነሣም፤ እዚያ ግን በደንበኝነት መንገድ ያለ ክፍያ ማሳተም ይቻላል። ሦስተኛ፣ የሚታየው የተጻጻፊው ደራሲ አገር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የሁሉንም ደራሲዎች ያያል። ውጭ ያለ ተባባሪን «ስሙ ይከብዳል» ብሎ ተጻጻፊ ማድረግ ክፍያውን ይጎትታል።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ «ይህን ዋናውን አንብበሽ ነው የጠቀስሽው?» አሉኝ። ከሌላ ጽሑፍ ማጣቀሻ ላይ ነበር የወሰድኩት። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጉዳቱ ምንድን ነው? (አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ጉዳቱን ሕክምና ራሱ አይቶታል። በጥር 1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት ደብዳቤ ወጣች። በሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ከተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ከዚህ ቀደም ሱስ ከሌለባቸው፣ በቂ ማስረጃ ያለው ሱስ የተመዘገበው በአራቱ ብቻ ነው ትላለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ቤታቸው ሄደው ለወራት የወሰዱትን አላየችም። በ2017 የካናዳ ተመራማሪዎች በዚያው ጆርናል ላይ ጥቅሶቿን ቆጠሩ፤ 608 ሆኑ። 439ኙ በኦፒዮይድ (ናርኮቲክ የሕመም ማስታገሻ) የሚታከም ሰው ሱስ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው ለማለት ተጠቅመውባታል። 491ዱ ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አልገለጹም። ጥቅሱ የበረከተው ኦክሲኮንቲን የተባለው ኦፒዮይድ ገበያ ከገባ በኋላ ነበር። አምስት ዓረፍተ ነገር ለማንበብ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ አብዛኛው ሰው ግን ከሰው ነው የገለበጠው።

ወደ እርስዎ ሙያ እንምጣ። «በ2016 በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ 412 ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየቴሲሱ መግቢያ አለ። ዋናውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት የከፈተ ሰው ግን 412 የሚለው ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት እንደሚመለከት፣ ክልሉም ከ273 እስከ 551 እንደሚዘረጋ ያያል። እንዲህ ሰፊ ክልል ያለውን ቁጥር ይዞ «በሁለት ዓመት ውስጥ በ11 ነጥብ ቀነሰ» ማለት አይቻልም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቁጥር የሚጠቅሱበትን ማንኛውንም ምንጭ ይክፈቱና የተጠኑት እነማን እንደሆኑ፣ አካፋዩ ስንት እንደሆነ፣ ዘመኑ መቼ እንደሆነ ሠንጠረዡ ላይ ይዩ። ዋናውን ካጡት ለተጻጻፊው ደራሲ በሁለት መስመር ኢሜይል ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይልካሉ። ጨርሶ ካልተገኘ «እገሌ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለው ያነበቡትን ያመልክቱ። ማጣቀሻውን ደግሞ በእጅ አይተይቡት፤ ከፐብሜድ ወደ ማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር፣ ወደ ዞቴሮ ወይም ሜንደሌይ ያውርዱት። አንድ የተሳሳተ ፊደል ወይም ዓመት ጥቅሱን ከባለቤቱ ስለሚነጥለው፣ ከላይ የጅማዋ መምህርት የተቸገሩበት ላይ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ «ኦድስ ሬሾ 2.67» ካገኘሁ «2.67 ጊዜ የበለጠ ይረካሉ» ማለት እችላለሁ? (ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አይችሉም። ከአንድ ቡድን 80 በመቶ፣ ከሌላው 60 በመቶ ረክተዋል እንበል። ኦድሱ (የረኩት ላልረኩት ሲካፈሉ) ለመጀመሪያው 80 ለ20፣ ማለትም 4 ነው፤ ለሁለተኛው 60 ለ40፣ ማለትም 1.5። ሲካፈሉ 2.67። የመቶኛዎቹ ጥምርታ ግን 1.33 ብቻ ነው፤ 80ን ለ60 ያካፍሉት። ክስተቱ አልፎ አልፎ ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ 4 በመቶ ለ2 በመቶ ሲሆን ኦድስ ሬሾው 2.04 ነው። ስለዚህ እንደ እርካታ ያለ፣ ከግማሽ በላይ ሰው ላይ የሚታይ ውጤትን በአንድ ጊዜ ጥናት ሲለኩ በፖይሰን ሪግሬሽን ከጠንካራ ስታንዳርድ ኤረር ጋር ፕሪቫለንስ ሬሾውን (የመቶኛዎቹን ጥምርታ) ያውጡ፤ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹ ስታታም ሆነ አር ይሠሩታል። ሎጂስቲኩን ካልተዉት «ኦድሱ 2.67 እጥፍ ነው» ብለው ይጻፉና መቶኛዎቹን አጠገቡ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። የወረዳው ቡድን መዝገባችንን ቆጥሮ 86 አገኘ፤ ሪፖርታችን 104 ይላል። ሠራተኞቼ አልዋሹም ባይ ናቸው። (ሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ላይዋሹ ይችላሉ። በመዝገብ የተቆጠረው ለሪፖርቱ ሲካፈል 86 ለ104፣ 0.83 ነው። ከ0.90 እስከ 1.10 ያለው ተቀባይነት አለው ይባላል፤ የእናንተ ከዚያ ወጥቷል፣ ሪፖርቱ ከመዝገቡ በልጧል። መጀመሪያ ግን ቀኑን ያጣሩ። የወር ሪፖርት የሚዘጋው ከባለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 ነው። ቆጣሪው ከ1 እስከ 30 ከቆጠረ ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ ቁጥራችሁ አይገናኝም። ጳጉሜን የያዘው ሪፖርት ደግሞ 35 ወይም 36 ቀን ስለሚሆን መስከረም ላይ «አገልግሎታችን ጨመረ» የሚል ግራፍ ይወጣል፤ እንዳትሸለሙበት።

ቀኑ ልክ ከሆነ ተደጋጋሚ ጉብኝትን ይፈትሹ። አንዲት እናት ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ካርዷ ጠፍቶ እንደ አዲስ ከተጻፈች በድምሩ ላይ ሁለት ሆነች። ከዚያ ሁለት መዝገብ በአንድ ጊዜ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ አሮጌው ሲያልቅ አዲሱ ሳይደርስ በወረቀት የተያዘ ቆጠራ ሪፖርቱ ውስጥ ገብቶ መዝገብ ውስጥ ላይገለበጥ ይችላል። ይህን ዳታ ለምርምር የሚጠቀም ሰውም በጽሑፉ ላይ ስንት ጤና ጣቢያ በዚህ መንገድ እንደተፈተሸና ጥምርታው ስንት እንደሆነ ይግለጽ።

ጥያቄ፦ የጠቀስኩት ጽሑፍ የተሻረ መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ሐኪም፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ፐብሜድ ላይ ከርዕሱ በላይ በግልጽ ተጽፏል። ዞቴሮ የሚጠቀሙ ከሆነ የተሻሩ ጽሑፎችን የሚይዘው የሪትራክሽን ዎች መዝገብ አብሮት ስለሚሠራ በቀይ ያስጠነቅቅዎታል። ያወረዱት ፒዲኤፍ ግን ምንም አይነግርዎትም፤ ላፕቶፕዎ ላይ እንደ ድሮው ነው። ላንሴት ላይ በግንቦት 22፣ 2020 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው፣ 96,032 ሕሙማንን ከ671 ሆስፒታሎች ሰበሰብኩ የሚለው የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥናት ሰኔ 4 ላይ ተሽሯል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያወረደው ሰው ዛሬም ሊጠቅሰው ይችላል። ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት በነበረው ምሽት ማጣቀሻዎችዎን በሙሉ አንድ ጊዜ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ነርስ ነኝ። አገር ቤት ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ጽሑፍ ሲቸግራቸው የዩኒቨርሲቲዬን የይለፍ ቃል ልስጣቸው? (አንባቢ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይስጧቸው። ከፈቃዱ ውጭ ከመሆኑም በላይ አሳታሚው ከሌላ አገር ብዙ ፋይል ሲወርድ ካየ የመላውን ዩኒቨርሲቲ መዳረሻ ሊዘጋ ይችላል። ሆስፒታላቸው በሂናሪ (የጤና ጆርናሎችን የሚያዳርስ ፕሮግራም) የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁላቸው። በዓለም ጤና ድርጅትና በአሳታሚዎች ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍያ የለውም፣ የሚመዘገበው ግን ተቋሙ ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቆ ነው።

እርስዎ የሚረዱበት ሌላ መንገድ ፍለጋው ነው። ፐብሜድ ላይ ‹ነጻ ሙሉ ጽሑፍ› የሚለውን ማጣሪያ ያብሩ፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ከሐምሌ 1፣ 2025 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ተቀባይነት ያገኙት ሲታተሙ ወዲያው በፒኤምሲ ይገኛሉ። ተመሳሳይ ቃላትን በቅንፍ ውስጥ በ‹OR›፣ የተለያዩ ሐሳቦችን በ‹AND› ያያይዙ፤ ሁለቱም በትላልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፉ። በትምህርተ ጥቅስ ያሰሩት ሐረግ ፐብሜድ ተመሳሳይ ቃል እንዳይፈልግልዎ ያደርጋል፣ ስለዚህ ቆጥበው ይጠቀሙበት። የከተማ ስም ካስገቡ አጻጻፎቹን ሁሉ ይደርድሩ፤ ጅማ በጄ ብቻም፣ ከፊቱ ዲ ተጨምሮበትም ተጽፏል፣ መቀሌ በአንድም በሁለትም ኤል አለ፣ አዳማ ናዝሬት ነበር፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት። ሐዋሳን በ‹ኤች› ብቻ ከፈለጉ አዋሳ ተብለው የታተሙት የቆዩ ጥናቶች ሊያመልጡዎት ይችላሉ።